ሆስፒታል ስትተኙ ማንን ምን ትጠይቃላችሁ? ከተማሪው እስከ ሲኒየሩ

ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ የተኛ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ ደጋግማችሁ የምትሰሙት ወቀሳ «ሐኪም በደንብ አላየኝም» የሚል ነው። ቻርቱ (የሕክምና መዝገቡ) ቢገለጥ ግን በዚያው ቀን ብቻ አራት አምስት ሰው ጽፎበታል። ተማሪው ጽፏል፣ ኢንተርኑ ጽፏል፣ ሬዚደንቷ ጽፋለች፣ ሲኒየሩ የተናገረውን ደግሞ ሌላ ሰው ጽፎለታል። ታካሚውም አልዋሸም፣ ቻርቱም አልዋሸም። ብዙ ሰው አይቶታል፤ ግን አንዱም ቆም ብሎ «በሽታህ ይሄ ነው፣ ነገ ይሄን እናደርጋለን» አላለውም።

ለዚህ ሐኪሞቹም ጥፋት አለባቸው፤ እሱን አልክድም። ግን ቅሬታችን ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ጥያቄያችንን የማይመለከተው ሰው ላይ ስለምንጥል ይመስለኛል። ሁሉም ነጭ ጋውን ለብሷል፣ ሁሉም «ዶክተር» ይባላል፣ እኛም ከፊታችን የቆመውን ሁሉ «መቼ ነው የምወጣው?» እንላለን። የማያውቀው «ይታያል» ብሎ ያልፋል፣ የሚያውቀው ደግሞ ሳንጠይቀው ይሄዳል። ስለዚህ የምትተኙ ወይም የምታስታምሙ ከሆነ መጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ ለዩ።

ነጩ ጋውን ሁሉ አንድ አይደለም

የማስተማሪያ ሆስፒታልን ልያዝ፤ ጥቁር አንበሳም ሆነ ጳውሎስ፣ ጎንደርም ሆነ ጅማ የሚገጥማችሁ ይሄው ነው።

በቡድን መጥተው ረጅም ጥያቄ የሚጠይቁት የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። የት ተወለዱ፣ ስንት ልጅ አለዎት፣ ከብት ጋር ይኖራሉ ወይ፣ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ወይ፣ ወደ ቆላ ሄደው ያውቃሉ ወይ... ሰው ይሰለቻል፣ ይገባኛል። ግን ከሁሉም ሰፊ ጊዜ ያላቸው እነሱ ናቸው። ዘመዳችሁ ስትገባ ጭንቀቱ አደናግሯት ሳትናገረው የቀረችው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ከሠፈር ፋርማሲ ገዝታ ስትወስደው የነበረ መድኃኒት ወይም የቤት ውስጥ መድኃኒት፣ ለተማሪው ንገሩት። ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ፣ ታሪኩን የሚያቀርበው እሱ ከሆነ ነገሩ ሲኒየሩ ጆሮ ይደርሳል። ደክሟችሁ ከሆነ ደግሞ «አሁን አልችልም፣ ከሰዓት ተመለሱ» ማለት መብታችሁ ነው። ውጤት ግን አትጠይቁት። ቢያውቅም እሱ ሊነግራችሁ አይገባም።

ኢንተርኑ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ፣ እየተማረ የሚሠራ ነው። ደም የሚቀዳው፣ ወረቀት የሚጽፈው፣ የላብራቶሪ ውጤት ለማምጣት ላይ ታች የሚለው፣ ዲዩቲ (የሌሊት ተራ) አድሮ በማግስቱም ዓይኑ ቀልቶ ሲዞር የምታዩት እሱ ነው። «የትናንቱ ደም ውጤት መጣ?» «ሲቲ ስካኑ ለመቼ ተቀጠረ?» «ይሄን ወረቀት የት ነው የማስመታው?» ለሚሉት ከእሱ የተሻለ ሰው የለም። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ያልተገኘውን መድኃኒት ከቀይ መስቀል ወይም ከከነማ ግዙ ብሎ ወረቀት የሚሰጣችሁም ብዙ ጊዜ እሱ ስለሆነ ንዴታችን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። መድኃኒቱን ያጠፋው ግን እሱ አይደለም። ሌላም ነገር አለ፤ ኢንተርን ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል። ነገራችሁን በደንብ የያዘው ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሌላ ዋርድ ተዛውሮ ልታጡት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ እሱ የሚያውቀው ነገር ሁሉ እናንተም ደብተር ላይ ይኑር።

ሬዚደንቱ ላይ ስትደርሱ ነቃ በሉ። ሕክምና ጨርሶ ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ነው። የውስጥ ደዌና የሕፃናት 3 ዓመት ይፈጃል፣ ቀዶ ሕክምናና የማሕፀንና ጽንስ ከዚያም ይረዝማል። አንደኛ ዓመቱን አር ዋን፣ ሁለተኛውን አር ቱ እያሉ ሲጠሩ ትሰማላችሁ። የዕለት ተዕለት ባለቤታችሁ ይሄ ሰው ነው። በሽታው ምንድን ነው ተብሎ ነው የሚጠረጠረው፣ ይሄ መድኃኒት ለምን ተጨመረ፣ ምን እየጠበቅን ነው፣ ምን ሲሻሻል ነው የምንወጣው፤ እነዚህ ሁሉ የእሱ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ስሙን መያዝ የምትችሉ ከሆነ የሬዚደንቱን ያዙ።

ሲኒየሩ ስፔሻሊስቱ ወይም ሰብ ስፔሻሊስቱ ነው። ትልቁን ውሳኔ የሚወስነው እሱ ነው፣ ግን በየቀኑ አልጋችሁ አጠገብ አታገኙትም። ያስተምራል፣ ተመላላሽ ያያል፣ ኦፕራሲዮን ይገባል። በኛ አገር የጤና ሥርዓት አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የተሰላው፤ ይሄን ስታስቡ ሲኒየሩ አልጋችሁ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የማይጫወተው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። እሱን ስታገኙ ስለ ምግብና ስለ ፍራሽ አታውሩት። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይኑራችሁ፤ «ኦፕራሲዮን ካልሆነ ሌላ መንገድ አለ?» እና «ከዚህ በኋላ ምን ልንጠብቅ?» የሚሉትን ዓይነት።

ከሌላ ክፍል ለአንድ ጉዳይ ተጠርቶ የሚመጣም አለ፤ ኮንሰልት ይሉታል። የኩላሊት ሐኪሙ መጥቶ አይቶ ሐሳቡን ቻርት ላይ ጽፎ ይሄዳል። «ያ ዶክተር መጥቶ ምንም ሳይለኝ ሄደ» ብላችሁ አትቀየሙ። ያለውን ያለው ለሬዚደንታችሁ ነው፤ እሱን «የኩላሊቱ ሐኪም ምን አለ?» በሉት።

ኦፕራሲዮን ካላችሁ ቀድሞ የሚያያችሁን የአንስቴዥያ (የሰመመን) ባለሙያ አትናቁት። በትክክል ስንት ሰዓት ምግብ እንደበላችሁ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳለ፣ በፊት ሰመመን ወስዳችሁ ያስቸገራችሁ ነገር እንደነበር፣ ምን መድኃኒት እንደማይስማማችሁ የሚነገረው ለእሱ ነው። አፍራችሁ ወይም ቀጠሮው እንዳይሰረዝ ፈርታችሁ «አልበላሁም» ያላችሁ እንደሆነ አደጋው የራሳችሁ ነው።

ነርሶቹ ሐኪም አይደሉም፣ ግን ሐኪም ላይ የምንጥለው ቅሬታ ስንቱ በነርስ የሚፈታ መሰላችሁ። ግሉኮሱ ቆመ፣ መርፌው ያበጠበት እጅ አመመኝ፣ የሕመም ማስታገሻው ሰዓት አለፈ፣ አልጋዬ ረጠበ፤ ይሄ ሁሉ የሲስተር ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ስትጠብቁ ሁለት ሰዓት አትሰቃዩ።

የወረዳ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ መልኩ ይለያል። እዚያ የምታገኙት ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን ደግሞ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ የሚባሉት ይሠሩታል። ለቀዶ ወሊድና ለትርፍ አንጀት ዓይነቱ ድንገተኛ ነገር ተብለው የሠለጠኑ ናቸው። «ስፔሻሊስት ካልሆነ አልነካም» ብላችሁ ምጥ ላይ ያለች ሴት በመኪና ይዛችሁ ከተማ ለከተማ አትንከራተቱ። እነሱ ራሳቸው ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሪፈር ይጽፋሉ።

ማን እንደሆነ እንዴት ይጠየቃል?

ባጅ ያለው ጥቂቱ ነው፣ ያለውም ብዙ ጊዜ ዞሮ ተንጠልጥሏል። እና በጨዋ ደንብ ጠይቁ። «ዶክተር፣ ስምዎን ልያዝ? ከእንግዲህ እኛን የሚከታተሉን እርስዎ ነዎት?» በቃ። ማንም አይቆጣም። እንዲያውም ስሙን የተጠየቀ ሰው ትንሽ ቆም ይላል። ደብተር ግዙ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ስም፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ፣ ስንት ሰዓት ላይ። አስታማሚ ሲቀያየር ያ ደብተር ከወሬ ያድናል። ማታ የገባችው እህት «ወንድሜ ነገ ይወጣል ብሎኛል» ስትል፣ ማን ነው ነገ ይወጣል ያለው? ተማሪው ነው ወይስ ሬዚደንቱ? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻችን ልጅ እግር ሐኪም ሲያዩ «ልጅ ላኩብኝ» ይላሉ። ሴት ሐኪም ስትሆን ደግሞ ሲኒየሯን «ሲስተር» ብለው ያልፏትና ከኋላዋ የቆመውን ወንድ ተማሪ «ዶክተር» ብለው ያዋዩታል። ይሄ ነገር እኔን ሁሌ ያስቀኛል፣ እሷን ግን አያስቅም። እንደ አስታማሚ ቀደም ብላችሁ «እማማ፣ ዋናዋ ሐኪም እሷ ናት» ብትሏቸው ብዙ ነገር ይቃናል።

ራውንድ

ቀኑ የሚወሰነው ራውንድ ላይ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ሐኪሞቹ ዋርድ ውስጥ ከሌሉ ጠፍተው አይደለም፤ «ሞርኒንግ» ላይ ናቸው፤ ሌሊት ማን ገባ፣ ማን ባሰበት፣ ማን አረፈ እየተባለ የሚነገርበት ስብሰባ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሚዞሩት። በአብዛኛው ቀን ሬዚደንቱና ኢንተርኑ ፈጠን ፈጠን ብለው ያያሉ፤ ሲኒየሩ የሚገኝበት ትልቁ ራውንድ ግን ቀን አለው። ቀኑን ኢንተርኑን ወይም ሲስተሯን ጠይቁ። ትልልቅ ጥያቄዎቻችሁን ለዚያ ቀን አቆዩ፤ ለዚያ ቀን መድረስ ያለበት የኤምአርአይ ወይም የባዮፕሲ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና) ውጤት ካለም ከዋዜማው ኢንተርኑን አስታውሱት። ውጤት ሳይያዝ ሲኒየሩ ከመጣ «ውጤቱ ሲመጣ እናያለን» ብሎ ያልፍና ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው።

ችግሩ ራውንድ ሲጀመር ጥበቃው መጥቶ «አስታማሚ ውጡ!» ይላል። ማለትም ነገሩን ሁሉ የሚያውቀው አስታማሚ በር ላይ ሲቆም፣ ትኩሳት ያደነዘዘው ታካሚ ብቻውን መልስ ይሰጣል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከዋዜማው ለሬዚደንቱ «አባቴ በደንብ አይሰሙም፣ ራውንድ ላይ አንድ ሰው አብሯቸው ይቁም?» ማለት ነው። ምክንያት ካላችሁ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ ለጥበቃው «ዶክተር እገሌ ፈቅዶልኛል» ማለት ደግሞ ከመጨቃጨቅ ይሻላል። ሁለተኛው ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ታካሚው እጅ ላይ መተው ነው። ሦስት መስመር አይለፍ። ማንበብ ለማይችሉ እናት ደግሞ ማታ አብራችሁ ተለማመዱት፤ «ነገ ሲመጡ እማዬ፣ የእግሬ እብጠት ለምን አልቀነሰም በያቸው፣ እሺ?»

አልጋው ዙሪያ በእንግሊዝኛ የሚወራውን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ። የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ሲኒየሩ ተማሪውን «ይሄ ምልክት በምን በምን በሽታ ሊመጣ ይችላል?» ይለዋል፤ ተማሪው ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ይደረድራል። ቲቢ፣ ሊምፎማ የሚባለው የካንሰር ዓይነት፣ ኤችአይቪ፣ የፈለገውን። ታካሚው ከዚያ ሁሉ «ካንሰር» የምትለዋን ብቻ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል። የተደረደረው ሁሉ የእናንተ በሽታ ነው ማለት አይደለም፤ ፈተና ነው። ራውንዱ ሲያልፍ ሬዚደንቱን ያዙትና «ዶክተር፣ አሁን የተባለውን በአጭሩ በአማርኛ ይንገሩኝ፤ ምን ተወሰነ?» በሉት። «ምን ተወሰነ» የምትለውን አትርሱ፤ «ምን ተባለ» ካላችሁ ሰፊ ነው፣ ውሳኔው ግን አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው።

መልሱን ካገኛችሁ በኋላ በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሩት። «እንደገባኝ ከሆነ ውኃው ከሳንባው ይቀዳል፣ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒት ይጀመራል፣ እስከዚያ ግን አንወጣም፤ ልክ ነኝ?» እንዲህ ስትሉ ስህተቱ እዚያው ይታረማል። ከሁሉም ምክር አንድ ብቻ ውሰዱ ብባል ይሄን ነበር የምሰጠው።

አማርኛ ለማይችል ታካሚ፣ ከቦረናም ይምጣ ከአፋር፣ ቋንቋውን የሚችል ተማሪ ወይም ነርስ ከዋርዱ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ በግልጽ ጠይቁ። የኦፕራሲዮን ፈቃድ ሊፈረም ሲል ግን በእጅ ምልክትና በመገመት አይሆንም። የሚፈርመው ሰው ምን እንደሚቆረጥ፣ ለምን እንደሚቆረጥና ባይቆረጥ ምን እንደሚሆን በራሱ ቋንቋ ሰምቶ ይፈርም።

ቤተሰቡ ሲበዛ

እኛ ጋ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፤ ደግ ነው። ግን ጠዋት ወንድም፣ በምሳ ሰዓት አክስት፣ ማታ ከአሜሪካ የሚደውል የአክስት ልጅ፣ እያንዳንዱ ያንኑ ጥያቄ ለየብቻ ሲጠይቅ ሬዚደንቱ ሦስተኛው ላይ ፊቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ «እነዚህ ሐኪሞች ትሕትና የላቸውም» ይባላል። አንድ ሰው ምረጡ። ሐኪሙን የሚያናግረው እሱ ብቻ ይሁን፣ ቀሪው ከእሱ ይስማ። ዋትሳፕም ቴሌግራምም ለዚህ ነው የተፈጠረው።

መጥፎ ዜና ሲኖር ደግሞ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ብለን ሐኪሙን እንለምናለን። ፍቅር ነው፣ ገብቶኛል። ነገር ግን ሐኪሙ የታካሚው ሐኪም እንጂ የእኛ አይደለም፤ ታካሚውም ሁላችንም ፊታችን ሲለዋወጥ እያየ ማንም የማይነግረው ነገር እንዳለ ያውቃል። ለእኔ የሚሻለው አስቀድሞ እሱን ራሱን መጠየቅ ነው፤ «ውጤቱ ሲመጣ አንተ ራስህ ትሰማለህ ወይስ ለእኛ ይንገሩን?» አንዳንዱ ሰው ከልቡ መስማት አይፈልግም፣ ያም ይከበር። ንግግሩን ደግሞ ሲኒየሩ ወይም የገፋ ሬዚደንት ያድርገው። ኮሪደር ላይ ቆሞ ውጤት የያዘ ኢንተርን ከአፉ እንዲያመልጠው አታስጨንቁት፤ «ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ክፍልና ሰዓት ይሰጠን» በሉ።

ሌሊት

ከሥራ ሰዓት በኋላ ዋርዱ በዲዩቲ ኢንተርንና ሬዚደንት እጅ ነው፤ ሲኒየሩ በስልክ ይጠየቃል፣ ግድ ሲሆን ይመጣል። የዲዩቲው ሐኪም ብዙ ጊዜ እናንተን አያውቃችሁም። ስለዚህ «ደኅና አይደለም፣ ኑ» ብቻ አትበሉ። ምን ተለወጠ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ወዲህ መተንፈስ ከብዶታል፣ ተጋድሞ መተኛት አልቻለም» ወይም «ከቀትር ጀምሮ ሽንት አልሸናችም፣ አሁን ደግሞ መቀባዠር ጀምራለች» ስትሉ የሰማችሁ ሰው ይነሣል። ኢንተርኑ አይቶ ሄዶ እየባሰ ከመጣ፣ ሳትጮኹ «ሬዚደንቱ ያውቃል? እንዲያየው ንገርልን» በሉ። ይሄ ስድብ አይደለም፤ ሥርዓቱም የሚለው እንዲሁ ነው። የመውጫ ቀንን፣ የመድኃኒት ዋጋን፣ የሕክምና ማስረጃ ወረቀትን ግን በሌሊት አታንሱ፣ መልስ የለውም።

ግል ሆስፒታል

ብዙ ሰው ከፍሎ ስለሚተኛ ስፔሻሊስቱ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚሆን ይመስለዋል። ስፔሻሊስቱ ግን ቀን ቀን መንግሥት ሆስፒታል ውሎ ማታ የሚመጣው ያው ሰው ሊሆን ይችላል። በመካከል ዋርዱን የሚጠብቀው ተረኛ ጠቅላላ ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ሳትተኙ ጠይቁ፤ በየቀኑ የሚያየኝ ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ እሱ ከሌለ ማን ይተካዋል፣ እያንዳንዱ ጉብኝቱ ለብቻው ይከፈልበታል ወይ? የመጨረሻዋን ካልጠየቃችሁ ሂሳቡ ሲመጣ ነው የምትማሩት። አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ያለው የግል ክንፍ ደግሞ መካከለኛ መንገድ ነው፤ ከፍላችሁ ሲኒየሩን መርጣችሁ ትታከማላችሁ፣ ላብራቶሪውና ኦፕራሲዮን ክፍሉ ያው የሆስፒታሉ ነው።

አሜሪካ ለምትተኙ፣ ወይም ወላጅ ለምታስተኙ

እዚያ ደግሞ ሌላ ግርታ አለ። ዓመታት ያወቃችሁ የቤተሰብ ሐኪም ሆስፒታል ስትገቡ አይመጣም። የሚያያችሁ ሥራው የተኙትን ማከም ብቻ የሆነ ሐኪም ነው፤ ሆስፒታሊስት ይባላል። ስሙም የወጣለት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። እማማ «የኔ ዶክተር ጥሎኝ ሄደ» ብለው ያለቅሳሉ፤ ቀድማችሁ አስረዷቸው። ሆስፒታሊስቶች ብዙ ቦታ ሰባት ቀን ሠርተው ሰባት ቀን ያርፋሉ፣ ስለዚህ መሐል ላይ ሊቀየሩባችሁ ይችላሉ። «እርስዎ እስከ መቼ ነዎት? ለሚተካዎት ምን ያስረክባሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዕለቱ ሐኪምና ነርስ ስም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ አስጽፉ። እዚያ ኢንተርን የሚባለው ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ የተመረቀ፣ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ነው። የሁሉም የበላይ አቴንዲንግ ይባላል፤ የእኛን ሲኒየር ቁጠሩት።

አስተርጓሚ በነጻ ነው፣ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ በአካል ባይገኝ በስልክ ወይም በቪዲዮ አማርኛ ተናጋሪ ያቀርባሉ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ፣ በተለይ ስለ ማሕፀንና ስለ ካንሰር ሲሆን።

ካልተደሰታችሁ፣ ወይም ከተደሰታችሁ

አሜሪካኖቹ ከሆስፒታል ለወጣ ሰው የሚልኩት መጠይቅ ሐኪሞችን በሦስት ነገር ይመዝናል፤ አከበሩህ ወይ፣ በጥሞና አዳመጡህ ወይ፣ በሚገባህ መንገድ አስረዱህ ወይ። በኛ አገር ሆስፒታሎች ተኝተው የታከሙ ሰዎች የሚጠየቁት መጠይቅም ከእሱ የተቀዳ ነው፤ የሐኪምና የነርስ አነጋገር፣ የክፍሉ ሁኔታ፣ ሕመም ማስታገስ፣ ስለ መድኃኒት የተሰጠ ገለጻ ይጠየቅበታል። ደካማ ጎኑ ሐኪሞችን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። ኢንተርኑ ሌት ተቀን ደክሞላችሁ ሲኒየሩ ቢያመናጭቃችሁ ስንት ትሰጣላችሁ? ስለዚህ ጠያቂዋ ፎርም ይዛ ስትመጣ ቁጥር ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኟት። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ንገሯት። «ሐኪሞቹ ጥሩ አይደሉም» የሚል አስተያየት ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም፤ «ማክሰኞ ራውንድ ላይ ልብሴን በሰው ፊት ሳይጋርዱ ገለጡኝ» የሚለው ግን መጋረጃ ሊያስገዛ ይችላል።

ጸባይና ችሎታንም አትቀላቅሉ። ፊቱ የማይፈታ ሆኖ እጁ ወርቅ የሆነ ቀዶ ሐኪም አለ፤ ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ውጤታችሁን ሳያይ የሚያልፍም አለ።

ተኝታችሁ ሳለ የሚፈታ ቅሬታ ከሆነ መጀመሪያ ለዋርዱ ኃላፊ ነርስ ንገሩ፤ የነርስ ጉዳይ ከሆነ ሜትረኗ (የነርሶች የበላይ) ጋ፣ የሐኪም ከሆነ ቺፍ ሬዚደንቱ (የሬዚደንቶቹ አለቃ) ጋ ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ የቅሬታ ወይም የጥራት ክፍሉ፣ ቀጥሎም የሕክምና ዳይሬክተሩ አሉ። የሕክምና ስህተት ደርሶብናል የምትሉ ከሆነ ደግሞ በፌዴራልና በክልል የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች አሉ፤ ለእነሱ የሚቀርበው በጽሑፍ ነው፣ ያ ደብተራችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአስተያየት ሳጥኑን እኔ ብዙም አላምነውም፤ አንዳንዱ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያለው አይመስልም። ለምስጋና ግን ተጠቀሙበት፣ ስም ጠቅሳችሁ። ኢንተርን ስሙ በመልካም ሲነሣ ብዙም አይሰማም።

የምትወጡ ቀን

የመውጫ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ኢንተርኑ ነው፣ በጥድፊያ፣ በሐኪም የእጅ ጽሑፍ። ሳትወጡ ሬዚደንቱን ወይም ኢንተርኑን ይዛችሁ አንብቡት። የበሽታው ስም ይነበባል? በፊት ስትወስዱት የነበረው የደም ግፊት መድኃኒት ይቀጥላል ወይስ ቆሟል? ስፌቱ መቼ ይፈታል፣ ጤና ጣቢያ ይፈታል ወይስ እዚሁ? ምን ምልክት ሲታይ ነው ቀጠሮ ሳንጠብቅ የምንመለሰው? በጤና መድኅን የምትታከሙ ከሆነ ለክትትሉ አዲስ ሪፈር ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው አጣሩ፣ አለዚያ እስከ ወረዳችሁ ድረስ መመላለስ ነው። የክትትል ክሊኒኩ ላይ የሚያያችሁ ሬዚደንት ሌላ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን ፎቶ አንሡት።

ናሙና ተወስዶ ለፓቶሎጂ (ለናሙና ምርመራ ክፍል) ተልኮ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ከወጣችሁ በኋላ ነው የሚመጣው። ኢንተርኑ ያኔ ሌላ ክፍል ነው፣ ሬዚደንቱም ተዘዋውሮ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ደውሎ አይጠራችሁም ብላችሁ ተነሡ። ቁጥሩን፣ የሚወሰድበትን መስኮትና ቀኑን አስጽፉ፤ ውጤቱን ይዛችሁ የትኛው ክሊኒክ፣ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ሲኒየር እንደምታሳዩም አስጨምሩበት።